ከአንድ የወይን ጂን ተነስቶ የአበባ እጽዋትን ዘር መከተል፦ የኢንሰምብል ፕላንትስ አገልግሎት ሲገመገም

ኢንሰምብል ፕላንትስ በእንግሊዝ አገር፣ ከካምብሪጅ ከተማ አጠገብ ባለችው ሂንክስተን የሚገኘው የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም የሚያስተዳድረው፣ የብዙ እጽዋትን ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም በዲኤንኤ የተጻፈውን ሙሉ የዘር መረጃቸውን፣ በኢንተርኔት ለማንኛውም ሰው በነፃ የሚያቀርብ አገልግሎት ነው። ሥራውን የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ሲሆን፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። አገልግሎቱን የገመገምኩት አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይዤ ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው የሥነ ሕይወት መምህር፣ ወይም በእጽዋት ማዳቀል ሥራ ላይ ያለ ወጣት ባለሙያ፣ ከአንድ ፍራፍሬ ጂን ተነስቶ አበባ የሚያወጡ እጽዋት ከአንድ ግንድ ወደ ዛሬው ብዛታቸው እንዴት እንደተከፋፈሉ በዚህ አገልግሎት ብቻ መርምሮ መረዳት ይችላልን? መልሴ ለሁለት ይከፈላል። የአንድን ጂን ታሪክ ለመከተል ይህን ያህል ግልጽና ለጋስ የሆነ ሌላ አገልግሎት አላውቅም። የሙሉ ጂኖምን ታሪክ ለማየት ግን ብቻውን አይበቃም፤ የት መሄድ እንደሚያስፈልግም ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

በአገልግሎቱ ውስጥ ፖም፣ ኮክ፣ ሙዝ፣ አናናስ፣ ቲማቲም፣ ኪዊና ሌሎችም ፍራፍሬዎች አሉ። ለመፈተኛ የመረጥሁት ወይንን ነው። ምርጫው የጣዕም ጉዳይ አይደለም። የወይን ጂኖም በነሐሴ 2007 በፈረንሳይና በጣሊያን የመንግሥት የምርምር ተቋማት ጥምረት ተነብቦ ኔቸር በተባለው መጽሔት ሲወጣ፣ ለምርምር በብዛት ከሚያገለግለው ትንሽ ተክል ከአራቢዶፕሲስ፣ ከሩዝና ከፖፕላር ዛፍ ቀጥሎ አራተኛው የአበባ ተክል ጂኖም፣ ለፍሬያቸው ከሚለሙት ሰብሎች ደግሞ የመጀመሪያው ነበር። በ19 ክሮሞሶሞች የተከፋፈሉ 487 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላትና 30,434 የተገመቱ ጂኖች ተመዘገቡ። ቁጥሩ በራሱ ብዙ አያስገርምም። ያስገረመው አንድ ክሮሞሶም ላይ በቅደም ተከተል የተደረደሩት ጂኖች በሌሎች ሁለት ቦታዎችም ተመሳሳይ ረድፍ ይዘው መገኘታቸው ነው። ከዚህም ተመራማሪዎቹ የወይን የጥንት ቅድመ አያት ሦስት ጂኖሞችን በአንድ አካል አጣምሮ ይዞ እንደነበር ደመደሙ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳረጋገጡት ይህ ሦስት እጥፍ መሆን የደረሰው ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሲሆን፣ ከወይን ሌላ ቲማቲምን፣ ፖምን፣ ቡናን፣ ጥጥንና ሱፍን ጨምሮ አብዛኞቹን ባለ ሁለት ክክ እጽዋት ይመለከታል። 7 የነበሩት ክሮሞሶሞች 21 ሆኑ፤ ከእነዚያም ጥቂቶቹ ተዋህደው የዛሬዎቹ 19 የወይን ክሮሞሶሞች ተገኙ።

ከዚያ በኋላ የወይን ዘር ሙሉ ጂኖሙን ዳግመኛ አላባዛም። አራቢዶፕሲስ ሁለት ጊዜ አባዝቷል፤ የቲማቲም ዘር እንደገና ሦስት እጥፍ ሆኗል፤ የኪዊም ጂኖም ተደጋጋሚ ብዜት አልፎበታል። ብዜት በመጣ ቁጥር ትርፍ የሆኑት ቅጂዎች ይረግፋሉ፣ የቀሩትም ቦታቸውን ይቀያይራሉ፤ ስለዚህ የጥንቱ ረድፍ እየደበዘዘ ይሄዳል። የሌሎቹ ጂኖም ተፍቆ ደጋግሞ እንደተጻፈበት ብራና ሲሆን፣ የወይን ግን የመጀመሪያው ጽሑፍ ገና የሚነበብበት ነው። የአበባ እጽዋትን ታሪክ ለማስተማር የሚፈልግ ሰው ከወይን ቢጀምር የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ተነበበው ተክልም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ አገልግሎቱ የሚያሳየን እርሱን ነውና። የወይን ተክል ከእናቱና ከአባቱ የወረሳቸው ሁለት የጂኖም ቅጂዎች በጣም ስለሚለያዩ፣ በጊዜው በነበረው መሣሪያ ቁርጥራጮቹን በትክክል መገጣጠም አዳጋች ነበር። ጥምረቱ ችግሩን የተሻገረው ለብዙ ትውልድ ከራሱ ጋር ተዳቅሎ ሁለቱ ቅጂዎች 93 በመቶ ያህል አንድ ዓይነት የሆኑለትን ፒኤን 40024 የተባለ ተክል በመምረጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ይህ ተክል ፒኖ ኗር የተባለው የወይን ዝርያ ዘር ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። በ2023 የታተመ የተሻሻለ ንባብ ግን ተክሉ የተገኘው ፒኖ ኗር ከሌላ ወይን ጋር ተዳቅሎ ከወጣው ሄልፈንሽታይነር ከተባለ ዝርያ መሆኑን አሳየ። በዚያው በ2007 ዓመት በጣሊያን የሳን ሚኬሌ አል አዲጄ የግብርና ተቋም ከአሜሪካው ሚሪያድ ጄኔቲክስ ጋር ሆኖ ያልተዳቀለውን፣ ሁለት ቅጂው የተለያየውን እውነተኛ ፒኖ ኗር አንብቦ አሳትሟል። ለወይን አምራች የሁለተኛው ሥራ ለእርሻው ይቀርባል፤ ለዝግመተ ለውጥ ጥናት መመዘኛ ሆኖ የዘለቀው ግን የመጀመሪያው ነው፤ በኢንሰምብል ፕላንትስም የምናገኘው የእርሱን ተከታታይ እትም ነው።

አሁን ወደ ፈተናው ልግባ። ፒኖ ሙኒዬ የሻምፓኝ ወይን ጠጅ ከሚጠመቅባቸው ዋና ዋና ዝርያዎች አንዱ ሲሆን፣ ለጋ ቅጠሉ በነጭ ጸጉር የተሸፈነ ነው። ይህ ተክል በውጫዊው የሴሎች ንጣፍ ውስጥ ብቻ አንድ የዲኤንኤ ፊደል የተለወጠበት ጂን ይዞ ይኖራል። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች ከዚያ ንጣፍ ብቻ ሙሉ ተክል አሳድገው በ2002 ውጤቱን አሳተሙ። የተገኘው ተክል ድንክ ሆነ። የበለጠ የሚደንቀው ግን ወይን በድጋፍ ላይ የሚጠመጠምባቸው ቀጫጭን ክሮች በሙሉ ወደ አበባ ዘለላነት መለወጣቸው ነው። የወይን መጠምጠሚያ ክርና የአበባ ዘለላ ከአንድ ጅምር የሚወጡ አካላት መሆናቸውንና፣ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ጂበረሊን የተባለው የእድገት ሆርሞን መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማሳያ ለማግኘት ይከብዳል። የተለወጠው ጂን ዴላ ከሚባለው የፕሮቲን ቤተሰብ ነው፤ ሥራውም ሆርሞኑ እስኪደርስ ድረስ እድገትን ማገድ ነው። የስንዴን ቁመት አሳጥሮ የአረንጓዴውን አብዮት ምርት ያስገኘው ለውጥም በዚሁ ቤተሰብ አባል ላይ የደረሰ ነው።

በአገልግሎቱ መፈለጊያ ሳጥን የወይንን ዝርያ መርጠን የዚህን ጂን ስም ስናስገባ የጂኑ ገጽ ይከፈታል። በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ውስጥ የንጽጽር ክፍሉን ስንከፍት ሦስት ዋና ዋና አማራጮች እናገኛለን። አንደኛው የጂኑን የዘር ዛፍ ያሳያል፤ ሁለተኛው በሌሎች እጽዋት ውስጥ ያሉትን አቻዎቹን፣ ማለትም ኦርቶሎጎቹን፣ ይዘረዝራል፤ ሦስተኛው በወይን ውስጥ በብዜት የተገኙትን ወንድሞቹን፣ ፓራሎጎቹን፣ ያወጣል። የአቻዎቹ ሠንጠረዥ ከማንኛውም ገጽ በላይ የረዳኝ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ግንኙነቱ አንድ ለአንድ፣ አንድ ለብዙ ወይስ ብዙ ለብዙ መሆኑ፣ ሁለቱ ፕሮቲኖች በመቶኛ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ፣ በአካባቢያቸው ያሉት ጎረቤት ጂኖችም ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው እንደሆነ ይነበባል። ተማሪ ይህን ሠንጠረዥ ብቻ ይዞ ብዙ ነገር መጠየቅ ይችላል። ሩዝ ከዚህ ቤተሰብ አንድ ዴላ ብቻ አለው። ስንዴ ሦስት ጂኖሞችን አጣምሮ የያዘ ተክል ስለሆነ ያንኑ ጂን በሦስት ቅጂ ይዟል። አራቢዶፕሲስ ደግሞ አምስት አሉት። የጂኖም ብዜት የሚባለው ነገር ለተማሪ ረቂቅ ቃል ሆኖ ከመቅረት የሚወጣው እነዚህ ቁጥሮች ከየተክሉ ታሪክ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ነው።

የዘር ዛፉ ገጽ የአገልግሎቱ ምርጥ ሥራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚከፈልበት ነጥብ በቀለም ተለይቷል፤ ሰማያዊው ሁለት ዝርያዎች የተለያዩበትን፣ ቀዩ በአንድ ዝርያ ውስጥ ጂኑ የተባዛበትን ያመለክታል። ይህ ልዩነት የመስኩ ሁሉ መሠረት ነው፤ ጀማሪዎችም አብዝተው የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። በጽሑፍ ብቻ ሲብራራ ብዙ ገጽ የሚፈጅ ሐሳብ እዚህ በሁለት ቀለም ይታያል። ከዛፉ በስተቀኝ የተደረደሩት አረንጓዴ ዘንጎች ፕሮቲኖቹ ጎን ለጎን ሲሰለፉ የት የት እንደሚገጥሙ ያሳያሉ፤ ባዶ የሆነው ቦታ የጎደለ ክፍልን ይነግረናል። ማንኛውንም ቅርንጫፍ ማጠፍና መዘርጋት፣ ምስሉንም ሆነ ከበስተጀርባው ያለውን መረጃ ማውረድ ይቻላል።

ከቅርንጫፎቹ መካከል ሁልጊዜ የምፈልገው የአምቦሬላን ነው። አምቦሬላ በፓስፊክ ውቅያኖስ በኒው ካሌዶኒያ ደሴት ብቻ የሚበቅል ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት የአበባ እጽዋት ሁሉ ቀድሞ የተለየው ዘር ብቸኛ ተራፊ ነው። ጂኖሙ በ2013 ሲታተም፣ የአበባ እጽዋት ከመከፋፈላቸው በፊት የጋራ ቅድመ አያታቸው ሙሉ ጂኖሙን አንድ ጊዜ እንዳባዛ የሚያመለክት ማስረጃ ይዞ መጣ፤ በወይን ከታየው ሦስት እጥፍ መሆን ግን አምቦሬላ ነፃ ነው። ስለዚህ በአንድ የጂን ዛፍ ላይ ወይን ሦስት ቅጂ፣ አምቦሬላ አንድ ቅጂ ይዘው ሲገኙና ቀዩ ነጥብ ከአምቦሬላ መለያየት በኋላ ሲውል፣ ያየነው የዚያ የጥንት ክስተት ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ አይታይም፤ ከሦስቱ ቅጂዎች ብዙውን ጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ጠፍተዋልና። ተማሪው ግን በሌላ ሰው መደምደሚያ ላይ ብቻ ሳይመካ ማስረጃውን በዓይኑ የሚመረምርበት ዕድል አግኝቷል። በእኔ እምነት የዚህ አገልግሎት ትልቁ ዋጋ ይህ ነው።

ዛፉ በጣም ሲሰፋ ግን ንባቡ ይከብዳል። የአበባን ክፍሎች ማንነት የሚወስኑት ማድስ ቦክስ የተባሉት ጂኖች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የዘርን ሽፋን የሚቆጣጠር ሲሆን፣ ዘቢብ ከሚሠራባቸው ወይኖች ታዋቂ የሆነው ሱልጣኒና ዘር አልባ የሆነው በዚህ ጂን ላይ በደረሰ አንድ የአሚኖ አሲድ ለውጥ ምክንያት መሆኑ በ2018 ታትሟል። ይህን ጂን ከፍቶ ዛፉን የጠራ ሰው እጅግ ብዙ ቅርንጫፍ ይጠብቀዋል፤ ቤተሰቡ በአበባ እጽዋት ውስጥ እጅግ የተባዛ ነውና። ምክሬ የሣር ወገኖችን ቅርንጫፍ በሙሉ አጥፎ ወይንን፣ አራቢዶፕሲስን፣ ቲማቲምንና አምቦሬላን ብቻ ማስቀረት ነው።

ወደ ጉድለቶቹ ስመጣ፣ ዋነኛው መጀመሪያ ላይ የጠቆምሁት ነው። የጂን ዛፉ ቅደም ተከተልን እንጂ ዘመንን አይናገርም፤ አንድ ቀይ ነጥብ የ10 ሚሊዮን ወይስ የ120 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳለው ከገጹ ማንበብ አይቻልም። ከዚህም በላይ የ2007ቱ ሥራ ታላቅነት ያለው በአንድ ጂን ላይ ሳይሆን በሙሉ ክሮሞሶሞች መካከል በታየው ሦስትዮሽ ሰልፍ ላይ ነው፤ እርሱን ለማየት ጂኖሙን ከራሱ ጋር የሚያነጻጽር የነጥብ ሥዕል ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የምልከው በቤልጂየም በጌንት ከተማ ወደተዘጋጀው ፕላዛ ወደሚባለው አገልግሎት ነው። እዚያ የወይንን ክሮሞሶሞች እርስ በርስ አነጻጽሮ ሰልፎቹን በሥዕል ማየት፣ በጥንድ ጂኖች መካከል የተከማቸውን የፊደል ለውጥ መጠን አይቶ የትኛው ብዜት አሮጌ የትኛው አዲስ እንደሆነ መገመት ይቻላል። የፕላዛ ገጽታ ለጀማሪ ደረቅ ነው፤ የገለጻ ጽሑፉም ልምድ ያለውን ሰው በማሰብ የተዘጋጀ ይመስላል። ሁለቱን አብሮ መጠቀም እንጂ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ሁለተኛው ጉድለት የወይን ጂኖም በተሻሻለ ቁጥር የጂኖቹ መለያ ቁጥር መቀየሩ ነው። ይህ የመስኩ ሁሉ ችግር እንጂ የአገልግሎቱ ብቻ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት በታተሙ ጥናቶች ላይ የሰፈረ የወይን ጂን መለያ ዛሬ ካለው እትም መለያ ጋር አንድ አይደለም። ከድሮ ጽሑፍ የሚነሳ ሰው የፕሮቲኑን ቅደም ተከተል ወስዶ ብላስት በተባለው የመፈለጊያ መሣሪያ ቢፈልግ የበለጠ እርግጠኛ ይሆናል። መሣሪያው እዚያው ገጽ ላይ አለ፤ ምዝገባም አይጠይቅም።

ሦስተኛው የአንድ ተክል ጂኖም ለአንድ ዝርያ ሁሉ ወኪል ሆኖ መቅረቡ ነው። የዱር ወይን ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያዩ ተክሎች ላይ የሚያወጣ ሲሆን፣ የሚለማው ወይን ግን ሁለቱን በአንድ አበባ ይይዛል፤ የእርሻ ወይን ታሪክ ትልቁ ምዕራፍም ይኸው ነው። ልዩነቱ በክሮሞሶም 2 ላይ ባለ ጠባብ ክልል ውስጥ ይገኛል፤ በ2020 የወጣ ጥናትም የ8 ፊደላት መጥፋትን በሴቴ አበቦች ካለው የአበባ ዱቄት መካንነት ጋር አያይዞታል። ይህ ሊታወቅ የቻለው የብዙ ወይኖች ጂኖም ጎን ለጎን ተነብቦ ነው። በአንድ መመዘኛ ጂኖም ላይ የተመሠረተ ገጽ ይህን ታሪክ በምልአት ሊያሳይ አይችልም፤ ስለ ዝርያዎች ልዩነት የሚጠይቅ የወይን አዳቃይም ይህን አውቆ ቢገባ ይሻላል።

ስለ አጠቃቀሙ የቀረው አጭር ነው። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም፤ ለማንበብም ሆነ ለማውረድ ምዝገባ አይጠይቅም። በአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ሥር ያለው ፋይቶዞም ለማውረድ በነፃ መመዝገብን ስለሚፈልግ፣ በአንድ ኮምፒውተር ለሚማር ክፍል ኢንሰምብል ፕላንትስ ይቀላል። ባዮማርት የተሰኘው ክፍል አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ የሺዎችን ጂኖች መረጃ መርጦ በሠንጠረዥ ያወጣል። ገጹ የሚነበበው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ መምህሩ ቃላቱን ቀድሞ ለተማሪዎቹ ቢያስረዳ ጊዜ ይቆጥባል። የኢንተርኔት ፍጥነት በሚያንስበት ቦታ ዛፉን ከክፍለ ጊዜው በፊት ከፍቶ ምስሉን ማስቀመጥ ያዋጣል።

ከኢትዮጵያ ለሚገባ ተጠቃሚ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ጤፍም እዚያው ይገኛል። የጤፍ ጂኖም ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ2014 ፀደይ ከተባለው ዝርያ፣ ቀጥሎም በ2020 ዳቢ ከተባለው ነው። ጤፍ ሁለት የጥንት ጂኖሞችን አጣምሮ የያዘ ተክል ሲሆን፣ አገዳው ቀጭንና ረጅም በመሆኑ በዝናብና በነፋስ መጋሸቡ ምርቱን ከሚቀንሱበት ዋና ችግሮች አንዱ ነው። ስለዚህ በወይን ላይ የተጀመረው የዴላ ጥያቄ፣ በስንዴ በኩል አልፎ፣ ገበሬያችን በየዓመቱ ከሚታገለው ጉዳይ ላይ ይደርሳል። ከወይኑ ጂን ገጽ ሳይወጡ የአቻዎቹን ሠንጠረዥ ወደ ታች ወርዶ የጤፍን ረድፍ መፈለግ፣ ከዚያም በጤፍ ገጽ ላይ ቅጂዎቹ በየትኛው የጂኖም ክፍል እንደተቀመጡ ማየት ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ መነሻ የሚሆን ሥራ ነው፤ ለዚህም ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ብቻ ይበቃል።